ካፒቴን ጄንዌይ በዕድል አልተገኘችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አሜሪካዊቷ ተዋናይት ኬት ሙልግሩ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ፤ ደግሜ ሳነበው ባሰብኝ።

ጸሐፊው «ስታር ትሬክ፦ ቮዬጀር» በተባለው የጠፈር ጉዞ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የጠፈር መርከቧን አዛዥ ካፒቴን ጄንዌይን ከመሆኗ በፊት የሠራችውን ሁሉ በአንድ መስመር ጨርሶታል። ለቤት እመቤቶች በሚቀርብ የቀን ድራማ ጊዜዋን ስታባክን ቆይታ በዕድል ካፒቴን ሆነች ይለናል። በዕድል! እስቲ እንዴት እንደሆነች ልንገራችሁ።

ለካፒቴንነቱ መጀመሪያ የተመረጠችው ዤንቪዬቭ ቡዦ ነበረች። ለኦስካር የታጨች፣ በፊልም ስሟ የታወቀ ተዋናይት ናት። ቀረጻው በተጀመረ በቀናት ውስጥ ትታው ሄደች። የቴሌቪዥን ሩጫ አልተስማማትም። በቦታዋ የገባችው ሙልግሩ ከ1995 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ሰባት ሲዝን፣ 172 ክፍል ዘለቀች። ያን ሁሉ የመርከብና የሞተር ቋንቋ ሳትደናቀፍ ስታወርደው የት የተማረችው ይመስላችኋል?

«ራያንስ ሆፕ» ላይ ነዋ! ይህ የናቃችሁት የቀን ድራማ በ1975 ኤቢሲ በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲጀምር ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበረች። ኒው ዮርክ ውስጥ መጠጥ ቤት ያለው የአይሪሽ ቤተሰብ ልጅ፣ ሜሪ ራያንን ሆና ትጫወት ነበር። የቀን ድራማ ማለት ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ አዲስ ክፍል ማለት ነው። ማታ ቃለ ተውኔት ትሸመድዳለህ፣ በነጋታው ልምምድና ቀረጻ፣ ማታ ደግሞ ሌላ ሽምደዳ። ይህ ጊዜ ማባከን ከሆነ ሥራ የምትሉት የትኛውን ነው? የሌላው የስታር ትሬክ ድራማ፣ የ«ዲፕ ስፔስ ናይን»ዋ ተዋናይት ናና ቪዚተርም በዚያው ድራማ ያለፈች ናት። እሷም በዕድል ልትሉ ነው?

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሙልግሩ እዚያ እየሠራች አረገዘች። የድራማው ደራሲዎች እርግዝናዋን ታሪኩ ውስጥ አስገቡት። በ1977 የወለደቻትን ልጅ ግን ለማደጎ ሰጠቻት። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመልሳ፣ የሰው ሕፃን ታቅፋ፣ ካሜራ ፊት እናት ሆና ተጫወተች። ይህን በ2015 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ራሷ ጽፋዋለች። ልጇን መልሳ ያገኘቻት ካደገች በኋላ ነው። እኔ እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ አልቅሻለሁ። እናንተ ዘንድ ይህ ሁሉ «ስታባክን ቆይታ» ነው።

ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ልናገር። አሜሪካ በመጣሁበት ሰሞን አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከብ ነበር። አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ሶፕኔት የሚባለው ጣቢያ «ራያንስ ሆፕ»ን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲደግመው አያመልጣቸውም። አብሬያቸው አየሁት። እንግሊዝኛ አፌ የተፈታው እዚያ ሶፋ ላይ ነው። ሜሪ ራያን ለመብቷ ስትከራከር እየሰማሁ ነው ከአከራዬ ጋር መከራከር የቻልኩት። እንደኔ ያሉ ሐበሾች ደግሞ ብዙ ነን። የሰው እናት እያነሳን፣ እያጠብን፣ መድኃኒት እየሰጠን በዚያ ቴሌቪዥን ቋንቋ የለመድን። «የቤት እመቤቶች» ብላችሁ ስትንቁን አንባቢዎቻችሁ መሆናችንን ረሳችሁት?

ኋላ የቢሮ ሥራ ሳመለክት ቃለ መጠይቅ ያደረገልኝ ሰው ወረቀቴን አገላብጦ፣ «ታዲያ ሥራ የጀመርሽው መቼ ነው?» አለኝ። የዚያ ሁሉ ዓመት ድካሜ ለሱ ሥራ አልነበረም። ጽሑፋችሁን ሳነብ ያ ሰውዬ እንደገና ፊቴ የተቀመጠ መሰለኝ።

ስለዚህ እርማት አውጡ። «በዕድል» ያላችሁትን አንሱት። ቡዦ ትታ መሄዷን ጻፉ። «ራያንስ ሆፕ»ንም በስሙ ጥሩት፣ ከ1975 እስከ 1978 እዚያ ምን እንደሠራች ለአንባቢ ንገሩ። እርማቱም ጽሑፉ በወጣበት ቦታ ይውጣ።

አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ