የካሜራና የበር መቆጣጠሪያ ገመድ ቅዳሜ ይዘረጋል

ሰላም ጎረቤቶች፣

የግቢያችን የደህንነት ካሜራዎችና የዋናው በር የካርድ መክፈቻ ገመድ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ይዘረጋል። ባለሙያዎቹ የሚመጡት እዚሁ ከደብረ ብርሃን ስለሆነ አያረፍዱም ብለን እናስባለን። መገናኛችን ጥበቃ ቤቱ ጋ ነው። የምስሉ መቅረጫም፣ ገመዶቹን የሚያገናኘው ሳጥን (ስዊች)ም የሚቀመጡት እዚያ ነው።

ደረጃ ላይ ያለ ጀሪካን፣ የከሰል ጆንያ፣ ምድጃ ሁሉ ዓርብ ማታ ይነሳልን። ረጅም መሰላል ያለው ይዞ ይምጣ።

ገመዱ ካት 6 የሚባለው የኔትወርክ ገመድ ነው። ኤሌክትሪኩንም ምስሉንም አንድ ላይ ስለሚሸከም ለየካሜራው ሶኬት አንፈልግም። ግን ሙሉ መዳብ ካልሆነ አንረከብም። ባለፈው በርካሽ የገዛነው አሉሚኒየም መዳብ የተቀባ ነበር። ቀን ደህና ይሠራል፤ ማታ የካሜራው መብራት ሲበራ ኃይል ያንሰውና ድርግም! ሌባ ደግሞ በቀን አይመጣም። የኋላው በር አንድ ገመድ ከሚችለው 100 ሜትር ስለሚያልፍ መሃል ላይ ሌላ ስዊች ይገባል። ገመዱ ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ እንዳይሄድም አብረን እንይ።

የምንወስነው አንድ ነገር አለ፤ የበሩ ቁልፍ። አንዱ ዓይነት በሩን በኤሌክትሪክ ማግኔት ይይዛል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ይለቀዋል፤ ስለዚህ ባትሪ ይፈልጋል። ሌላው ዓይነት መብራት ቢጠፋም ከውጭ እንደተቆለፈ ይቆያል፤ ከውስጥ በእጀታ ይከፈታል። ባትሪ በየጊዜው መቀየሩን ማን ይከታተላል? እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

እስከ ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ድረስ የቤት ቁጥራችሁንና «ማግኔት» ወይም «እጀታ» ብላችሁ እዚሁ ጻፉ።