የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ ታላቅ ይከፍላል፣ ታናሽ ይመርጣል

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ሲከታተል ከረመ። ቤተሰቡ በመካከለኛው ዘመን ሳክሶኒንና ቱሪንጂያን ይገዛ የነበረው የጀርመኖቹ የቬቲን ቤት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከክፍል በኋላ እንሰበሰባለን። ጥቅምት ላይ 11 ነበርን፣ ሰኔ ላይ 26 ሆነናል።

ልጆቹን መጀመሪያ የሳባቸው ጠለፋው ነው። ሐምሌ 1455 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን ነው) ኩንትስ ፎን ካውፉንገን የሚባል ባላባት በሌሊት አልተንቡርግ ምሽግ ገብቶ ሁለት ልዑላን ይዞ ጠፋ። ኤርንስት 14 ዓመቱ ነበር። አልብሬክት 12 ሊሞላው ሳምንታት ቀርተውታል። አባታቸው ከገዛ ወንድሙ ጋር በርስት ተጣልቶ ሲዋጋ ኩንትስ ከጎኑ ተሰልፎ ከስሮ ነበር፤ ካሳዬን ተነፈግሁ ብሎ ነው እዚህ የደረሰው። ልጆቹ ዳኑ፣ እሱ በሳምንቱ አንገቱ ተቀላ። 9ኛ ክፍሎች ይህን በወላጆች ቀን በድራማ አሳይተውናል። እናቶች ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

እኔን የያዘኝ ግን ከ30 ዓመት በኋላ የሆነው ነው። ወንድማማቾቹ ከ1464 ጀምሮ አብረው ገዙ። በ1485 ላይፕዚግ ላይ ርስቱን ተካፈሉ። ደንቡ ታላቅ ይከፍላል፣ ታናሽ ይመርጣል የሚል ነበር። ይህን በቃል ከማስረዳ ብዬ አንድ ሐሙስ ድፎ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ክበባችን ውስጥ አንድ ወንድምና እህት አሉ። ታላቅየው ቢላዋውን ይዞ ቆመ። ማስመሪያ ጠየቀ። ለካ፣ እንደገና ለካ፣ ላቡ መጣ። ሲቆርስ ትንሽ አዘነበለበት፤ እህቱ ዓይኗን ሳታሽ ትልቁን አነሳች። ፊቱን ማየት ነበር! ኤርንስትም እንዲሁ ነው የሆነው። አልብሬክት ድሬስደንና ላይፕዚግ ያሉበትን የማይሰን ድርሻ መረጠ፣ ታላቁም ቅር እንዳለው ይነገራል። በዓመቱ ሞተ።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «መምህር፣ ታዲያ ቪተንበርግን ለምን አልተካፈሉም?» አለችኝ። የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው። በ1356 የወጣው ወርቃማው ድንጋጌ የሚባለው የጀርመን ሕግ ንጉሥ የሚመርጡ መሳፍንትን ግዛት መክፈል ከልክሏል። ቪተንበርግ የዚህ የመራጭነት ማዕረግ ግዛት ስለነበር ከማዕረጉ ጋር ሳይቆረስ ለበኩሩ ሄደ። የሽኔበርግ የብር ማዕድንም አልተከፈለም፣ የጋራ ሆኖ ቀረ።

ካርታውን በትልቅ ነጭ ካርቶን ላይ ሠራነው፤ የኤርንስት አረንጓዴ፣ የአልብሬክት ቢጫ። ቀለሞቹ እርስ በርስ ይሰካካሉ። የኤርንስት ዘሮች ደግሞ መካፈሉን አላቆሙም። በ1640 ሦስት ወንድማማቾች ሲካፈሉ ጎታ የምትባለው ከተማ ለሌላ ኤርንስት ደረሰች።

እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ አለ። ምክንያቱም በ1652 ወደዚህ ኤርንስት ቤተ መንግሥት፣ ግንባታው ገና ሳያልቅ፣ አባ ጎርጎርዮስ መጡ። የአማራ ሰው ናቸው፣ የመካነ ሥላሴ። ከጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ሮም ላይ በ1649 ሲገናኙ መጀመሪያ የተግባቡት በግዕዝ ነበር። ሉዶልፍ ከእሳቸው ከተማረው ተነስቶ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። ያቺው የ10ኛ ክፍል ልጅ ተነስታ ጎታ ላይ ቀይ ነጥብ አደረገች፤ ከጎኑም በራሷ እጅ «አባ ጎርጎርዮስ» ብላ ጻፈች።

ካርታው ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ተሰቅሏል። የጎታው ኤርንስት ሰባት ወንዶች ልጆች በ1680 ርስቱን ለሰባት ከፍለውታል። እሱን በመስከረም እንቀባለን፤ ባለቀለም እርሳስ ያላችሁ አምጡልን።