በሞያሌ ስለሚተላለፉ ጭነቶች የስብሰባ ጥሪ

ለጉምሩክ አስተላላፊ አባሎቻችን፦

የኢትዮጵያና የኬንያ ጉምሩክ በሞያሌ የጋራ ኬላ በሚሠሩበት አሠራር ላይ የገጠማችሁን ችግር አሰባስበን በጽሑፍ ለማቅረብ፣ የፊታችን ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ በሚገኘው ቢሯችን እንሰበሰባለን።

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ኬላ የመውጫውና የመግቢያው ሥነ ሥርዓት ጭነቱ በሚገባበት አገር በኩል በአንድነት እንዲጠናቀቅ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ይሁንና በሥሪት አገር የምስክር ወረቀቱ (ዕቃው የተሠራበትን አገር በሚያረጋግጠው ሰነድ) ላይ የሰፈረው የዕቃ መግለጫ ከዲክላራሲዮኑ (ስለ ዕቃው ለጉምሩክ ከሚቀርበው ማስታወቂያ) ጋር ካልተጣጣመ መኪናው መቆሙ አይቀርም። በእኔ እምነት ከሕንፃው ይልቅ ትኩረት የሚሻው ይኸው ነው።

ስለሆነም በቅርቡ በዚያ በኩል ያስተላለፋችሁ የዲክላራሲዮን፣ የኢንቮይስና የምስክር ወረቀቱን ቅጂ፣ የደንበኛውን ስም ሸፍናችሁ፣ ይዛችሁ እንድትመጡ እንጠይቃለን (ኦርጅናሉ አያስፈልግም)። መገኘት አለመገኘታችሁን እስከ ማክሰኞ ማታ በዚሁ ግሩፕ አሳውቁን።