የፊልምና ድራማ ክበብ ዘገባ፦ «ጎበዝ ነው» ብሎ ማለፍ የተከለከለበት ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ርዕስ የድሮ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማዎች መሪ ተዋንያን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የወሰደው እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 በአሜሪካው ኤንቢሲ ጣቢያ የታየው፣ የአንዲት የጠፈር መርከብ ባልደረቦችን ጉዞ የሚተርከው ስታር ትሬክ ነበር፤ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በጊዜ ውስጥ ስለሚጓዝ «ዶክተር» የሚተርከው የእንግሊዙ ዶክተር ሁ ተጨመረ። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፦ ተዋናይ የሚያደንቅ ሰው ደቂቃውን ይጥራ፤ ተዋናዩ በዚያች ደቂቃ በዓይኑ፣ በእጁ ወይም በድምፁ ምን እንዳደረገ ይናገር። «ጎበዝ ነው»፣ «አንጀት ይበላል» የሚሉ አስተያየቶች ማስታወሻ ላይ አይሰፍሩም።

የስታር ትሬክ አንዱ ክፍል ሃምሳ ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ በአንድ የክበብ ክፍለ ጊዜ አያልቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ታሪኩ ተከፋፍሎ ይታያል፤ ከዚያ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ የሚሆን አንድ ትዕይንት ተመርጦ ሦስት ጊዜ ይደገማል። አንድ ጊዜ ድምፁ ጠፍቶ፣ አንድ ጊዜ ጀርባ ተሰጥቶ በጆሮ ብቻ፣ በመጨረሻ በሁለቱም። የማስታወሻው ወረቀት ሦስት ዓምድ አለው፦ ደቂቃ፣ ምን አደረገ፣ ምን ተረዳን። ታሪኩን ሳይጨርሱ ወደ ትዕይንቱ መግባት አያዋጣም፤ ሁሉም ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ ስለሚጓጓ ተዋናዩን የሚያየው የለም። ሌላው ችግር ሦስተኛው ዓምድ ቀድሞ መሞላቱ ነው። «ተናደደ» ተብሎ ይጻፋል፤ በምን አወቅህ ሲባል ግን መልስ ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ሆነ፦ ሁለተኛው ዓምድ እስኪሞላ ሦስተኛው ወደ ኋላ ታጥፎ ይቆያል።

ፕሮጀክተሩንም ማስተካከል ያስፈልጋል። እነዚህ ድራማዎች የተቀረጹት በ4፡3 ምጥን ነው። መሣሪያው በራሱ ወደ 16፡9 ሲለጥጠው ምስሉ በወርድ በሲሶ ይሰፋና የሁሉም ፊት ያበጠ ይመስላል፤ ቅንድብ ለማየት ለተሰበሰበ ክበብ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ 4፡3ን መምረጥና ግራና ቀኝ የሚቀረውን ጥቁር ባዶ ቦታ መታገስ ነው።

በዓመቱ ብዙ ያከራከረው በስታር ትሬክ ሚስተር ስፖክን፣ ስሜቱን የማያሳየውን ባለ ሹል ጆሮ የመርከቧን መኮንን፣ የተጫወተው ሌናርድ ኒሞይ ነው። የመጀመሪያው የሙከራ ክፍል «ዘ ኬጅ» ውስጥ ካፒቴኑ ጄፍሪ ሃንተር ነበር፤ እዚያ ኒሞይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮኻል፣ የሚዘምር ቅጠል አይቶም ፈገግ ይላል። ጣቢያው ያንን ክፍል ሳይቀበለው ቀርቶ ሁለተኛ ሙከራ ሲሠራ ዊሊያም ሻትነር ካፒቴን ሆኖ መጣ። ከዚያ «ዘ ኮርቦማይት ማኑቨር» ሲቀረጽ ዳይሬክተሩ ጆሴፍ ሳርጀንት፣ ሌላው ሰው ሲደነግጥ አንተ እንደ ሳይንቲስት ራቅ ብለህ ተመልከተው የሚል ምክር ሰጠው። ኒሞይ የስፖክን ጠባይ ያገኘው እዚያ «ፋሲኔቲንግ» (ይገርማል) በምትለው አንዲት ቃል አነጋገር መሆኑን ኋላ ተናግሯል። ሁለቱን ክፍሎች አከታትሎ ማየት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። ሃንተር ዝምተኛና አሳቢ ካፒቴን ስለነበር አጠገቡ ሌላ ዝምተኛ ቢቆም ትዕይንቱ ይቀዘቅዛል። ሻትነር ግን ወንበሩ ላይ እንኳ አርፎ አይቀመጥም፦ ወደ ፊት ያጋድላል፣ ይነሳል፣ ይዞራል። እሱ እንዲህ ሲንቀሳቀስ ኒሞይ ምንም ሳያደርግ መታየት ቻለ። ይህንንም ኒሞይ ራሱ መስክሯል።

ሻትነር በአነጋገሩ ብዙ ይቀለድበታል፤ ቀልዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስቶታል። አስመሳዮቹ ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ያቆማሉ። እሱ የሚያቆመው ሐረጉ መሃል ላይ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ደግሞ ሳያርፍ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ካናዳዊው ሻትነር ከመድረክ የመጣ ተዋናይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በኦንታርዮው የስትራትፎርድ ፌስቲቫል «ሄንሪ አምስተኛ» ሲታይ የክሪስቶፈር ፕለመር ተተኪ ነበር። አባላት የሚኒ ሚዲያን የጠዋት ዜና በዚህ ስልት አንብበው ሞክረውታል። ትንፋሽ የሚወሰደው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ሳይሆን መሃል ላይ ስለሆነ፣ አስቀድሞ በእርሳስ ምልክት ያላደረገ አንባቢ ሁለተኛው መስመር ላይ ያልቅበታል።

የሁለቱ መተጋገዝ ጎልቶ የሚታየው ካፒቴኑ ደግና ክፉ ሆኖ ለሁለት በሚከፈልበት «ዘ ኤነሚ ዊዚን» በሚለው ክፍል ነው። ጽሑፉ ስፖክ ክፉውን ካፒቴን በመሣሪያ እጀታ ጭንቅላቱን እንዲመታው ያዝዝ ነበር። ኒሞይ ይህ የስፖክ ጠባይ አይደለም ብሎ፣ አንገትና ትከሻ የሚገናኙበትን ቦታ በጣቶች ቆንጠጥ አድርጎ የመጣሉን ዘዴ አመጣ። ነገሩን ያሳመነው ግን የሻትነር አወዳደቅ ነው፤ ቆንጣጩ ምንም ያህል ቢራቀቅ የሚወድቀው ካላገዘው ትዕይንቱ መሳቂያ ይሆናል። በልምምዳችን ጣቶች አንገት ላይ አርፈው እንጂ ፈጽሞ ሳይጫኑ ነው የሚሠራው። ወዳቂው በመጀመሪያ ይደርቃል፣ ቀጥሎ ዓይኑ አቅጣጫ ያጣል፣ ከዚያ ጉልበቱ ይለቃል፤ በጉልበት፣ በዳሌ፣ በትከሻ ቅደም ተከተል የስፖርት ክፍሉ ፍራሽ ላይ ያርፋል። እጅ ዘርግቶ መሬቱን መቀበል ክልክል ነው፤ የእጅ አንጓ የሚጎዳው በዚያ ነው።

መርከቧ ስትመታ የሚታየው መንገጫገጭም እንዲሁ በሰውነት የሚሠራ ነው። ክፍሉ አይንቀሳቀስም፤ ካሜራው ያዘነብላል፣ ተዋንያኑ አንድ ላይ ወደ ጎን ይወረወራሉ። በስልክ ካሜራ ለመሥራት አንድ ሰው ይቆጥራል፤ «ሦስት» ሲል ስልኩ ወደ ግራ ጋደል፣ ሁሉም ወደ ቀኝ። ከወገብ ብቻ ማዘንበል ጭፈራ ያስመስለዋል፤ እግር አንድ እርምጃ መሳት አለበት። ከቡድኑ አንድ ሰው በተቃራኒ ከሄደ ወይም ከሳቀ መርከቧ ወዲያው የመማሪያ ክፍል ትሆናለች።

ዶክተር ማኮይን ስለተጫወተው ዲፎረስት ኬሊ የጻፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ያሳዝናል፣ ሌላው ሰው ሲናገር እንደ እሱ የሚያዳምጥ የለም። የመርከቧን የመገናኛ መኮንን ኡሁራን የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ «መሪ ተዋናይ» ትባላለች ወይስ አትባልም የሚለው ክርክር ግን ጦፎ ነበር። የሚሰጣት ንግግር አጭር ነው። ሆኖም ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ልትለቅ ስታስብ እንድትቆይ ያግባባት ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ጠፈር የወጣችው ሜ ጀሚሰንም የኒኮልስን ኡሁራ እያየች እንዳደገች ተናግራለች። ክርክሩ በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በደወል ተቋረጠ።

ለወላጆች ቀን የስፖክን ሹል ጆሮ መሥራት ነበረብን። የኒሞይ ጆሮ ከፎም ላቴክስ (ስፖንጅ መሰል ላስቲክ) የተሠራ ነው፤ ከቆዳ ጋር እንዲዋሃድ ጠርዙ እጅግ ስስ ስለሚሆን ሲላጥ ይቀደዳል፣ አዲስ መሥራትም ግድ ይሆናል። እኛ የተጠቀምነው የመድኃኒት ካርቶን ነው፦ ግርጌው 2.5 ቁመቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ጥጥ፣ በላዩ የወረቀት ፕላስተር፣ ከዚያ የለባሹን መልክ የሚመስል ፋውንዴሽን። ጫፉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከቆመ የድመት ጆሮ ይሆናል፤ ትንሽ ወደ ኋላ ይጋደል። ከጆሮ ጀርባ ያለው ላብ ፕላስተሩን ስለሚያስለቅቅ ቦታው አስቀድሞ ታጥቦ ይደርቅ። ፕላስተሩም ሆነ ቀለሙ ከአንድ ቀን በፊት ክንድ ላይ ይሞከር፤ የሚያሳክከው ተማሪ ጆሮውን በፀጉር ሸፍኖ ይውጣ።

አራቱ ጣቶች ሁለት ሁለት ሆነው መሃል ላይ የሚለያዩበት የስፖክ የእጅ ሰላምታ ኒሞይ በልጅነቱ ቦስተን ምኩራብ ውስጥ ካየው የካህናት ቡራኬ የመጣ ነው፤ ጣቶቹ የሚሠሩት የዕብራይስጡን ሺን ሲሆን ቅርጹ ከእኛ ሠ ጋር ይቀራረባል። ጣቶቹ እሺ የማይሉት አባል ከካሜራ ውጭ በሌላ እጁ አስተካክሎ ያነሳል።

ከዶክተር ሁ የመረጥነው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 1966 ዶክተሩ መልኩን ሲለውጥ ዊሊያም ሃርትኔል ቦታውን ለፓትሪክ ትራውተን የለቀቀበትን ነው። ሃርትኔል ታሞ ነበር፤ ትራውተን ደግሞ እሱን ለመምሰል አልሞከረም፣ ቁጡውን ሽማግሌ በዋሽንት በሚጫወት ዝርክርክ ሰው ተካው። ክፍሉ ሙሉ ምስሉ የለም፤ የመለወጡ ቅጽበት ግን ተርፏል። ቢቢሲ በዚያ ዘመን ቴፕ እያጠፋ መልሶ ይቀዳበት ስለነበር ከ90 በላይ ክፍሎች ምስላቸው ጠፍቷል። ድምፃቸው የተረፈው ተመልካቾች ቤታቸው ሆነው በቴፕ ስለቀዱት ነው። መብራት በጠፋባቸው ክፍለ ጊዜያት ክበቡ ድምፁን ብቻ ከስልክ አዳምጧል። ሃርትኔል ቃል ሲያደናቅፈው ይሰማል፤ ያኔ ቴፕ ቆርጦ ማስተካከል ውድ ስለነበር ስህተቱ እንዳለ ይተላለፍ ነበር።

የመጨረሻው ሥራ የአድናቆት ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ስታር ትሬክ በሁለተኛው ዓመቱ ሊቋረጥ ነው ሲባል ቢጆ ትሪምብልና ባለቤቷ ጆን ተመልካቹን አስተባብረው ደብዳቤ አጎረፉ፤ ጣቢያውም እ.ኤ.አ. በ1968 ድራማው እንደሚቀጥል በአየር ላይ አስታወቀ። የእኛ ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ አንድ ትዕይንት ይጠራል፣ ተዋናዩ ያደረገውን ይገልጻል፣ ያመሰግናል። የሕይወት ታሪኩን ለራሱ መተረክ፣ ፎቶ ወይም ገንዘብ መጠየቅ የለም። መልስ ለማግኘት የኢትዮጵያ ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ማያያዝ ከንቱ ነው፤ ከውጭ ሲላክ አያገለግልም።

የሚመጣው ዓመት የሚጀምረው ከትራውተን በኋላ ዶክተሩን ከተጫወቱት አንዱ በሆነው በቶም ቤከር ነው። ረጅሙ የአንገት ልብሱ የተገኘው ሹራብ ሠሪዋ ቢጎንያ ፖፕ የተሰጣትን ክር በሙሉ ስለሠራችው ነው። የእኛው ተጀምሯል። የተሠራው ክፍል ተንጠልጥሎ ከዋለ በክብደቱ ስለሚለጠጥ ታጥፎ ክበቡ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ቡናማ፣ ቀይ ወይም ቢጫ ትርፍ ክር ያለው ለክበቡ ተጠሪ ያስረክብ።