ክፍላችሁን ስታዘጋጁ

ሰላም መምህራን፣

ክፍል ማዘጋጀት ስትጀምሩ ለጊዜው ግድግዳውን ተዉት። እውነቴን ነው። መጀመሪያ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ በሉና ሰሌዳውን እዩት። የመስኮቱ ብርሃን ያንጸባርቅበታል? ጽሑፉስ ከዚያ ይነበባል? በዴስኮቹ መሃል ገብታችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ደብተር ማየት ካልቻላችሁ አንዱን ረድፍ ጠጋ አድርጉት። የሚወዛወዝ ወንበር ካለ አሁኑኑ ይጠገን፤ አለዚያ ዓመቱን ሙሉ ሲንቋቋ ይከርማል።

ወደ ግድግዳው ስንመጣ፣ ማሳመር ሁላችንም እንወዳለን። ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። ግድግዳው በሥዕል በተጨናነቀ ክፍል የተማሩ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ሐሳባቸው ይበልጥ ተበትኗል፤ ከትምህርቱ የያዙትም ያነሰ ነበር። ስለዚህ የሚያስፈልገው ብቻ ይሰቀል። የቀረውን ለልጆቹ ሥራ ባዶ ተዉት።

ከኋላ ወንበር ሆናችሁ ያነሳችሁትን ፎቶ እዚህ ላኩ፣ እንተያይ።