ስለ ሹመት ለምትከራከሩ አባላት

ሰላም ቤተሰብ! የሰሞኑ የሹመት ክርክር ማታ ወደ ስድድብ ስለገባ ይቺን ልበል። ብርቱካን ሚደቅሳን አስታውሱ። ኅዳር 13 ቀን 2011 ፓርላማው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሲሾማት ብዙው ሰው ጮቤ ረገጠ፤ ሌላው ደግሞ «የፓርቲ መሪ የነበረች ሰው እንዴት የምርጫ ዳኛ ትሆናለች?» አለ። ጥያቄው ነውር አልነበረውም። የአንድነት ፓርቲ ሊቀመንበር ነበረች፣ ቃሊቲም የገባችው በፖለቲካ ነው። ደግሞ ዳኛ ሳለች የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃን በዋስ የለቀቀች ሴት ናት (ሰውየው ከፍርድ ቤቱ ወጣ ከማለቱ መልሰው ያዙት እንጂ)። እኛ በእሷ ማንነት ስንነታረክ ግን ዋናው ነገር አመለጠን፤ ማን አጫት፣ በምን መስፈርት? እጩዎች በኮሚቴ ተመልምለው ይቅረቡ የሚለው የምርጫ ቦርድ ማቋቋሚያ አዋጅ 1133 የወጣው እሷ ከተሾመች ከወራት በኋላ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ ስለ ተሿሚው የሥራ ታሪክና ስለ አመራረጡ የፈለጋችሁትን ጻፉ፣ በደንብ ተቹ። ብሔር ቆጠራና የቤተሰብ ፎቶ የሚለጥፍ ግን መልእክቱ ይጠፋል። ከደገመ ከግሩፑ ይወጣል፣ አድሚንም ቢሆን።