ቀስት የሚወረውር ሰው ልቡንም ያሠልጥን

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፤

ስለ ቀስት ውርወራ ስትጽፉ የክንድ ጉልበትን ብቻ ማንሳታችሁ ቅር አሰኝቶኛል። በኦሊምፒክ የግል ግጥሚያ ተወዳዳሪው ከ70 ሜትር ርቀት 12.2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላትን የመሀል ክብ ለመምታት ለአንድ ቀስት 20 ሰከንድ ብቻ ስለሚሰጠው፣ ልቡ ሲደልቅና ጣቱ ሲንቀጠቀጥ ጡንቻው አያድነውም። በቀስት የሚያድን ሰውማ አውሬውን በጣም መጠጋት ስላለበት ጭንቀቱ ይብስበታል። ትንፋሹን በዝግታ ማውጣትን፣ ዓይኑን ከአውሬው ቀንድ አንሥቶ በሚመታት አንዲት ነጥብ ላይ መትከልን፣ ከሁሉም በላይ ልቡ እየደለቀ ማነጣጠርን ሊለማመድ ይገባል። እዚህ ደሴ ተማሪዎቼን የጦሳን ተራራ ዳገት አስሩጬ፣ ላባቸው ሳይደርቅ ኳስ ወደ ቅርጫት እንዲወረውሩ የማደርገው ለዚሁ ነው፤ መጀመሪያ ይስታሉ፣ ኋላ ግን እጃቸው ይረጋል። ዓምዳችሁ ለሥነ ልቦና ዝግጅትም ቦታ እንዲሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የስፖርት መምህር፣ ከደሴ